ለአልቃሿ የነገርኳቸው

ወንድሜ ሞጣ ታሞ ሞተ። ሬሳውን አምጥተን ቢቸና ቀበርነው። ከዚያ በኋላ የሆነውን ልጽፍ ብዙ ጊዜ ጀምሬ ትቼዋለሁ።

ሠዓሊ ነበር። አዲስ አበባ ሥነ ጥበብ ትምህርት ቤት የተማረው አባታችን ከቤታችን ጀርባ የነበረውን ባሕር ዛፍ አስቆርጠው ሸጠው ነው። ለቤት ኪራይ፣ ለቀለም፣ ለሸራ። ተመርቆ ሥራ አላገኘም። ሞጣ ሄዶ ከአንድ ጓደኛው ጋር የሱቅ ማስታወቂያ መጻፍ ጀመረ።

ጎረቤታችን አባቴን ባገኛቸው ቁጥር፣ «ያን ሁሉ ባሕር ዛፍ ያስቆረጡት ለብሩሽ እጀታ ነው እንዴ?» ይላቸው ነበር።

«የተረፈችውን ለመጥረቢያህ ትወስዳለህ» ይሉታል አባቴ እየሳቁ።

እኔ አልስቅም። ጆሮዬ ይግላል። አሥራ ሁለተኛን ጨርሼ ከፍዬ ኮሌጅ ልግባ ስል የሚሸጥ ዛፍ አልቀረም ነበር።

አልቃሿ ትልቅ ሴት ናቸው። ግጥም ከማውጣታቸው በፊት የሟቹን ነገር ከቤተሰቡ ይጠይቃሉ። በለቅሶው ቀን እኔን ጠሩኝ።

«ና እስቲ ልጄ። ወንድምህ አዲስ አበባ ምን ነበር የተማረው?»

ያ ጎረቤታችን ድንኳኑ ውስጥ ተቀምጧል። ሥዕል ብል የሚስቅ መሰለኝ።

«ኢንጂነር ነው፣ እትዬ» አልኩ። «ድልድይ... ድልድይ ነበር የሚሠራ።»

ተነሡና አወጡት፦

«ድልድዩን ሠርቶ ሰው እያሻገረ፣
እሱ ወዲያ ማዶ ብቻውን ቀረ።»

ሰው ደረቱን መታ። ቀና ስል የሞጣው ጓደኛው የድንኳኑን ምሰሶ ይዞ ቆሟል። ጥፍሩ ሥር ሰማያዊ ቀለም አለ። አጠገቡ ያለውን ሰው፣ «የማን ለቅሶ ነው ይሄ?» አለው። ከዚያ አየኝ። ነጠላውን አስተካክሎ ወጣ።

አባቴ እጃቸውን አነሡ። «ይቆዩ እስቲ። ልጄ ሥዕል ነው የተማረ። ከፍዬ ያስተማርኩት እኔ ነኝ። አልዋሽበትም።»

ጎረቤታችንም አልሳቀም፤ አንገቱን ደፋ።

«ደግ» አሉ አልቃሿ። «ምን ነበር የሚስለው? ንገሩኝና ልበልለት።»

አባቴ ሞጣ ሄደው አያውቁም። ወደ እኔ ዞሩ። ስንቅ የማደርስለት እኔ ነበርኩ። ክፍሉ ውስጥ ሸራዎቹ ፊታቸውን ወደ ግድግዳ አዙረው ተደርድረው አያቸው ነበር። አንድ ቀን «ላሳይህ?» ብሎኝ፣ «መኪና ያመልጠኛል» ብዬው ወጣሁ። አንዱን እንኳ አዙሬ አላየሁም። ያ ትምህርት ያ ሁሉ ወጪ ይገባው ነበር ወይ እያልኩ እናቴን ስንት ጊዜ አስጨንቄያታለሁ፤ ባሕር ዛፉ የገዛውን ነገር ግን አላየሁትም። ሥዕሎቹን የሚያውቀው ጓደኛው ደግሞ ሄዷል።

አልቃሿ ጠበቁኝ። አባቴም ጠበቁኝ።

በመጨረሻ ስለ ቁመቱና ስለ ጥርሱ አወጡለት፤ ለማንኛውም ወጣት የሚወጣውን። ጋቢዬን ፊቴ ላይ ሳብኩ። ጎረቤታችን መጥቶ አጠገቤ ተቀመጠና ትከሻዬን ያዘኝ።

«አይዞህ፣ በቃህ» አለኝ። «አልቅሰህለታል።»

አላለቀስኩም ነበር።