ሶፋ አልባሿ ትታው የሄደችው ስልክ

ሶፋ አልባሿ ያረጀ ሶፋ ሲመጣላት አሮጌውን ጨርቅ ገፍፋ፣ ሚስማሩን በፒንሳ ነቅላ፣ የበሰበሰውን ስፖንጅ አውጥታ ትጥላለች። በላዩ አዲስ ጨርቅ ጣል አድርጎ ማስረከብ አይሆንላትም። በገዛ ቤቷ ግን እንዲያ የተደረገባት መሰላት።

ባሏ በሴት ነገር ራሱን አይገዛም። ዓመታት ሙሉ በስልኩ ከማያውቃቸው ሴቶች ጋር ሲቀጣጠር ኖሮ፣ ሲማልና ሲገዘት ከርሞ፣ እጅ ከፍንጅ ሲያዝ አልቅሶ ሕክምና ገባ። እዚያ ያለችው አማካሪ «ሱስ ነው፣ ይታከማል» አለች። እሱ ኢንተርኔት የሌለው ባለቁልፍ ስልክ እንዲይዝ፣ ዘመናዊው ስልኩ ሚስቱ ጋ ተቆልፎበት እንዲቀመጥ ተስማሙ። በየሳምንቱ መሰሎቹ ወንዶች መሀል ይቀመጣል፤ ዳግም ሱሱ ላይ ሳይወድቅ በከረመ ቁጥር ይጨበጨብለታል። አማቷ ሳይቀሩ «ልጄ ጀግና ነው፤ አንቺም ቻይው፣ እናቴ» ይሏታል።

አንጀቷ አረረ። እሱ ተጨብጭቦለት እሷ ዘበኛ ሆና ቀረች። የወጋ ቢረሳ የተወጋ አይረሳም! አማካሪዋ የተከዱ ሚስቶችን የምትሰበስብበት ቦታም ሄዳ ነበር። ሌሎቹ ሲያለቅሱ እሷ «ለመሆኑ ወንዶቹን ምንድን ነው የሚጥላቸው?» ብላ ጠየቀች።

«ብቻቸውን ሲሆኑና ስልኩ እጃቸው ሲገባ ነው» አለቻት አማካሪዋ፣ ባሏን ልትጠብቅበት መስሏት።

እሷ የፈለገችው እንዲወድቅ ነው። ከወደቀ አጨብጫቢው ሁሉ አፉን ይዘጋል፤ እሷም ጥላው ስትሄድ «ቻይው» የሚላት አይኖርም። ቅዳሜ ጠዋት ስልኩን ቻርጅ አድርጋ ትራሱ ላይ አስቀመጠችው። «እህቴ ጋ አድሬ ነው የምመጣው» ብላው ወጣች።

እህቷ ቤት ስትደርስ ምግቡ ጣማት፣ ሳቁም መጣላት።

«ዛሬ ምን አግኝተሽ ነው? ፊትሽ በርቷል» አለቻት እህቷ።

«ምንም፤ አንድ የምጠብቀው ነገር አለ።»

ከሰዓት በኋላ በሩ ተንኳኳ። ባሏ ነው። ላብ አጥምቆታል፣ ስልኩን በካልሲ ጠቅልሎ ይዞታል።

«ረስተሽው ሄድሽ» አላት።

«አልረሳሁትም። እንድትወድቅ ነው የተውኩልህ።»

«ገብቶኛል። ከፍቼው ነበር፤ መልሼ ዘጋሁትና በእግሬ መጣሁ። እንኪ።»

እህትየው ዓይኗ እንባ አቀረረ። «ጎበዝ፣ የኔ ወንድም! ይኸው፣ ዳነልሽ እኮ!» ብላ ትከሻውን መታ መታ አደረገችው።

የገዛ እህቷ! እሷም አጨብጫቢ ሆነች። ባሏ በቀሏን እንኳ ነጠቃት። ደግሞ እሱ እስኪወድቅ ምን አስጠበቃት? ማንን ልታስፈቅድ?

«ድነህ ከሆነ እሰየው» አለችው። «እኔ ግን አልዳንኩም። ወድቀህ ልተውህ ነበር፤ በል፣ ቆመህ እተውሃለሁ።»

እሱ ስልኩን እንደዘረጋ ቀረ። የሚቀበለው አልነበረም።