ከመቶ ሃያ ሁለት

ኮሌጅ ውስጥ «ሚዛን» ነው የሚሏት። ሥራዋ በየምክር ቤቱና በየቦርዱ የማን ድምፅ ሚዛን እንደሚደፋ፣ የማን ደግሞ ለታይታ እንደሆነ ማስላት ነው። የሰው ቤት ስትመዝን የኖረች ሴት የራሷን ቤት አንድ ቀን እንኳ መዝና አለማወቋ ግን ጉድ ነው።

ጉዱ የወጣው አባቷ ለአራት ልጆቻቸው ባወረሱት የእንጨት ሥራ ቤት ውስጥ፣ ይሸጥ አይሸጥ ሊባባሉ በተሰበሰቡበት ቀን ነው። ታላቅ ወንድሟ፣ ነጋዴው ወንድሟና እህቷ ከመቶው ድርሻ ሃያ ስድስት ሃያ ስድስት አላቸው፤ የመጨረሻዋ ልጅ እሷ ሃያ ሁለት። ከሃምሳ በላይ ያገኘ ሐሳብ ያልፋል። ወንዶቹ ይሸጥ ባዮች ናቸው። እህቷ የፊት ለፊቱን ክፍል ሱቅ አድርጋ ልጆቿን የምታሳድግበት ስለሆነ አይሸጥም ትላለች። የሚዛን የራሷ ጭንቀት ግን ሌላ ነው። ያሳደጓት አናጺው አጎቷ የሚኖሩት ከጓሮ ባለችው ክፍል ነው። ቤቱ ከተሸጠ የት ይወድቃሉ?

እርሳስ አንስታ ጣውላ ቁራጭ ላይ ደመረች። ከታላላቆቿ የትኞቹም ሁለቱ ሲገጥሙ ሃምሳ ሁለት። እሷ ከአንዳቸው ጋር ብትገጥም አርባ ስምንት። ታዲያ የሷ እጅ ወጣ ወረደ ምን ሊፈይድ? በስንቱ የቤተሰብ ስብሰባ «አንቺስ?» ሲሏት ኮራ ብላ እጇን አውጥታለች! አፈረች፤ ተናደደችም።

«እጅ እናውጣ» አለ ነጋዴው ሰዓቱን እያየ።

«ጋሼ፣ ቆይማ» አለች ወደ ታላቁ ዞራ። «ዛሬ አንተና እሱ ናችሁ። ነገ እሱና እሷ ገጥመው ከውርሱ አንተ የምትሠራበትን የጣውላ መጋዘን እንሽጥ ቢሉስ? ሁለት ሰው ይበቃቸዋል እኮ። ለሽያጭ ሦስት ሰው ይስማማ ብንልስ?»

ታላቁ ነጋዴውን በጎን አየው። ሁለቱ እንኳን መጋዘን፣ መዶሻም ተማምነው አይዋዋሱም።

«ይሄ ማምታታት ነው» አለ ነጋዴው።

«ምን አስፈራህ?» አለና ታላቁ እጁን አወጣ። እህቷም ተከተለችው። ሃምሳ ሁለት። ደንቡ ተለወጠ።

ወደ ሽያጩ ተመለሱ። ወንዶቹ እጃቸውን አወጡ። እህቷ እጇን ጭኗ ላይ እንዳጣጠፈች ቀረች። ሁሉም ሚዛንን አየ። አሁን የሷ እጅ ወሳኝ ሆነ፤ ደስም ብሏታል፣ ምን ይደበቃል።

ልትናገር ስትል የጓሮው በር ተከፈተ። አጎቷ ናቸው፤ ሁሉን ሰምተዋል።

«በኔ የተነሳ ከሆነ ተይው ልጄ» አሉ። «ዓይኔ ደክሟል፤ መጋዙ ጣቴን ሊበላኝ ምንም አልቀረው። የበኩር ልጄ ና አብረን እንኑር ካለኝ ቆየ። እስካሁን የተቀመጥኩት አንቺ እንዳይከፋሽ ብዬ ነው።»

«ምነው ሳይነግሩኝ?»

«ማን ጠየቀኝ?»

ቁጣ የለባቸውም፤ እሱ ነው የባሰ አንጀቷን የበላት። የሁሉንም ድምፅ ስትመዝን የሳቸውን ሐሳብ አንድ ቀን አልጠየቀችም።

«እንግዲህ ምክንያትሽ ሄደ» አለ ነጋዴው ፈጠን ብሎ። «አውጪው እጅሽን።»

ወደ እህቷ ዞረች። እህቷ የሱቁን ቁልፍ ጨብጣለች። እሷንም ቢሆን ጠይቃት አታውቅም።

«አንቺስ እቴ? ቤቱ ቢሸጥ ምን ትሆኚያለሽ?»

«ዛሬ ገና ጠየቅሽኝ?» አለች እህቷ። «ሌላ ምን አለኝ?»

ሚዛን እጇን አላወጣችም።

ቤቱ አልተሸጠም። አጎቷ ወደ ልጃቸው ለመሄድ ዕቃቸውን ሊሰበስቡ ወደ ጓሮ ተመለሱ፤ እሷም የመሣሪያ ሳጥኑን ልታግዛቸው ተከተለቻቸው።