እስከ ኤርካሎ የወረደው ፊርማ

ኤርካሎ በሃያ ስድስት ዓመት የመንግሥት ሥራው ፈርሞ የሚያውቀው ሁለት ነገር ላይ ብቻ ነው፤ በየጠዋቱ የሰዓት መቆጣጠሪያ ላይ፣ አልፎ አልፎ ደግሞ የመለዋወጫ ዕቃ መረከቢያ ላይ። ዛሬ ዓርብ ግን ጠረጴዛው ላይ የተቀመጠለት ወረቀት ሌላ ነው። የከተማው ምክር ቤት የክልሉን የመጠጥ ውሃ አቅርቦት ረቂቅ አዋጅ እንደማይቀበል የሚገልጽ ደብዳቤ ነው፤ ከግርጌው ስምና ፊርማ ይጠብቃል። እስከ አሥራ አንድ ሰዓት አስተያየቱን ያልላከ ከተማ እንደተስማማ ይቆጠራል ተብሏል። አሁን ስምንት ሰዓት ተኩል ሆኗል።

የከተማዋን ስም አልጠራም። ከሶዶ በሚኒባስ አንድ ሰዓት አታስኬድም፤ ስሟን የተውኩት ሰዎቿ ነገም ከነገ ወዲያም እዚያው ስለሚኖሩ ነው።

ረቂቁ የየከተማውን የውሃ አገልግሎት፣ ጉድጓዱን፣ ፓምፑን፣ ሠራተኛውን ሳይቀር በአንድ የክልል ድርጅት ሥር ያደርጋል። ምክር ቤቱ ተሰብስቦ ጉዳዩን ሰማና አንድም ሰው ሳይቀር እጁን አውጥቶ ተቃወመ። እጅ ማውጣት ምን ገዶ! ደብዳቤው ተተይቦ ሲመጣ ግን የሚፈርም እጅ ጠፋ። ከንቲባው አቶ ታምራት አስቸኳይ ስልጠና ገጠማቸውና ለምክትላቸው ውክልና ሰጥተው ሄዱ። ምክትላቸው ወይዘሮ ሰብለ በማግስቱ ደም ግፊታቸው ተነሣ፤ እሳቸውም የውሃ አገልግሎቱን ኃላፊ ወከሉ። ኃላፊው ደግሞ ሃላሌ ሄጄ ለቅሶ መድረስ አለብኝ አለና የቴክኒክ ክፍሉን ወከለ። የቴክኒክ ክፍሉ ማለት ኤርካሎ ነው። ከእሱ በታች ያለው ፓምፑ ብቻ ነው፤ ፓምፕ ደግሞ አይፈርምም።

ኤርካሎ ፈሪ ነው። ሚስቱ አስናቀችም ታውቃለች፣ እሱም አይክድም። ሰማይ አይታረስ፣ ንጉሥ አይከሰስ ብሎ ነው እዚህ የደረሰው። ድሮ አብሮት የቧንቧ ቦይ ይቆፍር የነበረው ጓደኛው ትግሉ አንድ አቤቱታ ላይ በስሙ ፈርሞ ለጥያቄ ተጠርቶ ነበር። የተመለሰው ከስምንት ወር በኋላ ነው፤ ምን እንደ ደረሰበት ለማንም አልተናገረም። ዛሬም ቢሆን መኪና በሩ ላይ ሲቆም ተነሥቶ ወደ ጓሮ ይገባል። ኤርካሎ ጡረታ ሊወጣ ሁለት ዓመት ብቻ ቀርቶታል። አስናቀች ለምሳ የቋጠረችለት የቦይና ቅቅል ከነዳጣ በርበሬው እንደታሰረ ነው።

ታዲያ ወረቀቱን መሳቢያ ውስጥ ቆልፎ ለምን አይሄድም? ሦስት አለቆቹ ያደረጉትን እሱ ቢያደርግ ማን ይፈርድበታል?

የዛሬ አሥራ አንድ ዓመት ፓምፑ ቆሞ ነበር። ያን ጊዜ ጥገናው ከላይ ነበር የሚታዘዘው። ኤርካሎ የፓምፑን የኤሌክትሪክ ሳጥን ከፍቶ አየ፤ የተቃጠለችው ሶዶ ገበያ የምትገኝ አንዲት ዕቃ ነበረች። በስልክ ሲያመለክት “ያለ ፈቃድ እንዳትነካ” አሉት። አልነካም። ፈቃዱ የመጣው በአርባ አንደኛው ቀን ነው። እስከዚያው ሰው የወንዝ ውሃ ጠጣ፤ የጎረቤቱ የጣፈጠች ሁለት ልጆች በአንድ ሳምንት ውስጥ በተቅማጥ ሞቱ። ትንሿን ኤርካሎ ራሱ ታቅፎ ነው ወደ መቃብር የወሰዳት። ከዚያ በኋላ አገልግሎቱ ለከተማው ተሰጠ፤ ፓምፑም ሲበላሽ ሦስት ቀን ቆሞ አያውቅም። ረቂቁ ጥገናውን እንደገና ወደ ላይ ይመልሰዋል። ኤርካሎ ብልሽቱን ያን ጊዜ እንዳወቀው ግን ለጣፈጠች ነግሯት አያውቅም።

ጣፈጠች ዛሬ የመዝገብ ቤት ሠራተኛ ናት። ማህተሙን ይዛ ገባች።

“ጋሼ ኤርካሎ፣ ፈረምክ ወይ? ኢንተርኔት አሁን መጥታለች፤ ሳትጠፋ ስካን አድርጌ ልላከው።”

“ሌሎቹ ከተሞች ልከዋል?”

“ይልካሉ እንጂ! ዞን ስብሰባ ላይ ሁሉም ተቃውሟል አይደል?”

ይህቺ ቃል አደፋፈረችው። ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፣ ለሃምሳ ሰው ጌጡ አይደል! “ጌታ ሆይ፣ አንተ ታውቃለህ” ብሎ ፈረመ። ፊርማው የሌላ ሰው መሰለው። ጣፈጠች ማህተሙን መታችበትና ወስዳ ላከችው።

አሥር ሰዓት ሲሆን ስልኩ ጮኸ። ጣፈጠች ግልባጩን ልታስፈርመው ተመልሳ አጠገቡ ቆማ ነበር።

“ከክልል ነው። ደብዳቤውን የፈረሙት እርስዎ ነዎት?” አለ ድምፁ። ቁጣ የለበትም፤ ኤርካሎን ይበልጥ ያስፈራው ይኸው ነው።

“አዎ፣ እኔ... በውክልና ነው።”

“ከየከተማው መልስ መጥቷል። የተቃወመው የእናንተ ብቻ ነው። እንግዲህ በስህተት የወጣ ከሆነ ይንገሩኝ፤ እንዳልደረሰን እንቆጥረዋለን።”

የፈሩት ይደርሳል፣ የጠሉት ይወርሳል ማለት ይህ ነው። ኤርካሎን ላብ አጠመቀው። በዓይኑ የመጣበት ትግሉ ነው፣ ወደ ጓሮ ሲገባ። “ስህተት ነው” ማለት ሁለት ቃል ነው፤ አንደበቱም ላይ ደርሶ ነበር። ጣፈጠች ምን እንደተባለ ስላልሰማች ግልባጩን ይዛ ትጠብቃለች።

“ስህተት የለበትም” አለ፤ ድምፁ ቀጥኖ ወጣ።

“መልካም። ሙሉ ስምዎን ይንገሩኝ።”

ነገረው። ስልኩን አስቀምጦ ወንበሩን ስቦ ተቀመጠ።

“ምን አሉህ? ፊትህ እኮ አመድ መሰለ” አለችው ጣፈጠች።

“ሌላ ከተማ አልተቃወመም። ብቻችንን ነን። ስሜን መዘገቡት።”

“ውይ! ታዲያ ስህተት ነው አትልም? ምን አስጨነቀህ፣ የአንተ ጉዳይ ነው እንዴ?”

ኤርካሎ ክልሉን ፈራ፣ መኪናውን ፈራ፣ ጡረታውን ፈራ። ከሁሉ ይልቅ ግን አሥራ አንድ ዓመት ሙሉ የፈራው ይህችን ሴት ነው።

“ያን ጊዜ... ልጆቹ ጊዜ፣ የፓምፑን ብልሽት አውቄው ነበር። ያልጠገንኩት አትንካ ስላሉኝ ነው። ፈርቼ ነው።”

ጣፈጠች ማህተሙን ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠች።

“ለመጠገን ስንት ቀን ይፈጅ ነበር?” አለችው።

“ግማሽ ቀን” አላት።