ከመስኮት የወረደ ካርድ

ካርዱን መስኮቱ ላይ የለጠፈችው ሎውሪ ራሷ ነበረች። በሰሜን ዌልስ፣ በቤቴስዳ መንደር፣ እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር በ1901 ሰኔ ላይ፣ ካርድ የሌለበት መስኮት ጥቂት ነበር። ነጭ ወረቀት ላይ በጥቁር ፊደል «በዚህ ቤት ከሃዲ የለም» ይላል። አባወራው አድማውን ትቶ ወደ ድንጋይ ማውጫው የተመለሰበት ቤት ካርድ አይለጥፍም። የሌላውን ቤት ካርድ ደግሞ ማንም አይነካም፤ የለጠፈው ራሱ ያወርደዋል። በዚያ ሰሞን መንገደኛው ሰላምታ ከመስጠቱ በፊት መስኮት ያነብ ነበር።

ሎውሪ ሃያ ስድስት ዓመቷ ነው። እዚያው ተወልዳ እዚያው ተዳረች። ባሏ ግሪፊዝ ለቤት ክዳን የሚሆነውን ድንጋይ ስስ አድርጎ በመሰንጠቅ የታወቀ ነበር። ኅዳር ላይ ሠራተኛው በሠራተኛ ማኅበሩ ጉዳይ ከድንጋይ ማውጫው ጌታ ጋር ተጣልቶ አድማ ከወጣ ወዲህ ግን መዶሻና መሮው በጨርቅ ተጠቅልለው በር ጥግ ተቀምጠዋል። የካቲት ላይ ትንሿ ልጃቸው ጉዌን በሳል ሞተች። የሬሳ ሳጥኗን ግሪፊዝ ከቁም ሳጥኑ መሳቢያ ሠራው።

ከዚያ ወዲህ ሎውሪ ቀዝቃዛ ውሃ ውስጥ ብዙ እንደቆየ እጅ ሆናለች፤ ቢወጓትም የሚሰማት አትመስልም። ታጥባለች፣ ትቀቅላለች፣ የአራት ዓመቷን ኔልን ፀጉር ታበጥራለች። ሥራው ይሠራል።

ቅዳሜ ከሰዓት ጎረቤቷ አናስ ለኔል የአተር ሾርባ ይዘው መጡ። የሁለቱ ቤት ግድግዳ አንድ ነው። መንደሩ ሁሉ አክስቴ ይላቸዋል።

«ካርድሽ ጠሟል» አሉ፣ ገና ከመግባታቸው። «ቤቱ የሰከረ ይመስላል።»

«ሙጫው ለቆ ነው፣ አክስቴ።»

«ታች መንደር ደግሞ ጨርሶ ለቋል። ዛሬ ሁለት ካርድ ወረደ። የነኦወን መስኮት እንደ ወለቀ ጥርስ ባዶውን ቀርቷል። መጋረጃቸውንም ዘግተዋል፤ በሰኔ ብርድ ገባባቸው መሰለኝ።»

«ልጆች አሉባቸው፣ ምን ያድርጉ።»

«ማን የሌለው አለ? የኔው ልጅ ሂው ደቡብ ወርዶ እንደ አይጥ ከሰል ይቆፍር የለም? ወደ ድንጋይ ማውጫው ግን አልተመለሰም። የኔ መስኮት ባዶውን ከሚያድር ጣራው ይደርመስብኝ።» አውራ ጣታቸውን በምራቃቸው አርሰው የለቀቀውን ጥግ ጫን አድርገው ያዙት፣ እስኪጣበቅ። «ይኸው። አሁን ሰው ሆነ።»

ማታ ኔል ላይኛው ክፍል ተኝታ ትስላለች። ግሪፊዝ ሾርባውን ሳይነካ ቆየና «ሰኞ ሥራ እወጣለሁ» አለ።

ሎውሪ ማማሰሏን አላቆመችም።

«ሁለተኛ ሳጥን አልሠራም፣ ሎውሪ።»

«ካርዱስ?»

«ተይው እሱን። በጓሮ በር እወጣለሁ። ለጥቂት ቀን ማን ያውቃል?»

«የድንጋዩ አቧራ አብሮህ ይመጣል። ልብስህን የማጥበው እኔ ነኝ፣ የማሰጣውም እኔ ነኝ፣ አክስቴ አናስ ፊት።»

«ታዲያ አትሂድ በይኛ።»

አላለችም። ሂድም አላለችም። ቁጣዋን ፈለገች፤ ኪስ ውስጥ ሳንቲም እንደሚፈልግ ሰው ዳበሰች፣ ምንም የለም። የኔል ሳል ግን ነበረ። ቆጠረችው።

እሑድ ጸሎት ቤት ከአናስ ጎን ተቀመጠች፤ የመዝሙር መጽሐፉ ለሁለት አንድ ነው።

«ዘምሪ እንጂ» አሉ አናስ በሹክሹክታ። «አፍሽም እንደነኦወን መጋረጃ ተዘጋ?»

ዘመረች። ሦስቱንም ልጆቿን ስትወልድ የተቀበሉት እነዚህ የአናስ እጆች ናቸው፤ የጉዌንን ዓይን የከደኑትም እነሱ ናቸው። አንደኛው ልጅ ያለ ጊዜው ሞቶ እንደተወለደ እንኳ ከሁለቱ ሴቶች በቀር የሚያውቅ የለም። ካርዱ ከቆየ አናስ ይቆዩላታል፣ እስኪያውቁ ድረስ። ከወረደ ወዳጅነቱ ያን ዕለት ያበቃል። ሎውሪ ይህን እንደ ገበያ ዕቃ ከራሷ ጋር አመዛዘነችው። እስኪያውቁ ድረስ በገዛ አውራ ጣታቸው ያቃኑትን ውሸት በየቀኑ ሊያዩት ነው። ይህ ብቻ ትንሽ ተሰማት።

ሰኞ ጎህ ሲቀድ ግሪፊዝ መሣሪያውን ከጥግ አንሥቶ በጓሮ በር ወጣ። ሎውሪ ቁራሽ ዳቦ በጨርቅ ቋጥራ ሰጠችው። ከመንደሩ ጫፍ መንገድ ላይ ሌሎች ተመላሾች አንገታቸውን ደፍተው ይጠብቁት ነበር፤ ፖሊሶችም አብረዋቸው።

መጀመሪያ የኔልን አልጋ ከመስኮቱ ሥር ጎትታ ወደ ውስጠኛው ግድግዳ አዛወረችው። እነኦወን ቤት ድንጋይ ተወርውሮ ነበርና። ከዚያ ጨርቅ ለብ ባለ ውሃ ነክራ ካርዱን ከየጥጉ አላቀቀችው። ሦስቱ ቶሎ ለቀቁ። አናስ የጫኑት አራተኛው እምቢ አለ፤ በጥፍሯ ፋቀችው። ካርዱን አልቀደደችውም፤ የቁም ሳጥኑ መሳቢያ ከነበረበት ክፍት ቦታ አስገባችው። መስታወቱንም አብራ ወለወለችው፣ ጨርቁ በእጇ ነበርና።

ሰኞ የልብስ ማጠቢያ ቀን ነው። የሁለቱ ቤት ማስጫ ገመድ አንድ ነበር፤ ከሎውሪ ጓሮ ሚስማር እስከ አናስ ሚስማር የተዘረጋ። ሎውሪ የታጠበውን ተሸክማ ስትወጣ አናስ ጓሮ ቆመዋል። በፊት ለፊት በኩል ከቧንቧ ውሃ ቀድተው ነው የተመለሱት፤ ስለዚህ መስኮቷን አይተዋል።

«እንደምን አደሩ፣ አክስቴ።»

አናስ ገመዱን ከሁለቱም ሚስማር ፈቱት፤ አጥፈው ጫፉን ከጫፉ አገናኙና መሃሉን ለኩ። ከሽርጣቸው ኪስ ቢላ አውጥተው ቆረጡት።

«ግማሹ ያንቺ ነው» አሉና ድንበሩ ላይ አኑረውት ገቡ።

 ሎውሪ ገመዱን አነሣች፤ አንዱን ጫፍ ሚስማሩ ላይ፣ ሌላውን የከሰል ማስቀመጫው መዝጊያ ላይ አሰረች። አጭር ነው፤ አንሶላውን አይችልም። አንሶላውን ለከሰዓት አቆየችው። የኔልን ሸሚዞች በአንድ መቆንጠጫ ሁለት ሁለቱን ሰቀለች።

ከውስጥ ኔል ሳለች፣ ደግሞ ተወች። ሎውሪ ቀና ብላ ሰማዩን አየች። ነፋስ አለ፤ እስከ ቀትር ይደርቃል።