የቀስቅስ እግር

ፈንታን የቀበርን ዕለት መንደሩ በሙሉ «የፈረስ ወዳጅ ነበር» እያለ አለቀሰለት። እኔም ከሰዎቹ መካከል ቆሜ ምራቄን ዋጥሁ። ከመቃብር ላይ መትፋት ነውር ሆኖብኝ እንጂ መትፋትስ አምሮኝ ነበር። ፈንታ የእህቴ የሥራነሽ ባል ነው፤ አጥሩ ከአጥሬ ተጎራብቶ የኖረ ሰው። ፈረስ እንዴት እንደሚወድ ከአልቃሾቹ ሁሉ ይልቅ እኔ አውቃለሁ።

ቤታችን ከደብረ ማርቆስ ወደ ጨሞጋ ወንዝ በሚወርደው መንገድ ነው። ፈንታ ከአባቱ ለም መሬትና አንድ ጥማድ በሬ ወርሶ ነበር። አንድ ጊዜ ጥማዱን እየነዳ ደምበጫ ገበያ ሄደና ሲመለስ በሬዎቹ የሉም፤ እሱ ግን በዳማ ፈረስ ላይ ተኮፍሷል። እህቴ ደጅ ወጥታ ፈረሱን አየችው፤ ከግድግዳው የተደገፈውን ቀንበርም አየችው፤ ተመልሳ ገባች። በዚያ ዓመት መሬታቸውን በራሴ በሬዎች ያረስሁላቸው እኔ ነኝ። ጌታው ደግሞ ከእርሻው ዳር በፈረሱ እየተመላለሰ «እዚህ ጋ ጠለቅ አድርገው» ይለኝ ነበር።

ፈረሱን ቀስቅስ አለው። እንደ መኳንንቱ በፈረሱ ስም መጠራት ፈልጎ ራሱን አባ ቀስቅስ አሰኘ። ፈንታ ብሎ የጠራውን ሰው ዞር ብሎም አያየው። እህቴ እንኳ አንድ ቀን ለምሳ «ፈንታ ና» ብትለው ወጡ እስኪቀዘቅዝ ቁጭ ብሎ ቀረ።

አልዋሽም፣ ፈረሱ ግሩም ነበር። ግንባሩ ቦራ፣ አንገቱ ረጅም፣ ዓይኑ የሰው ዓይን የሚመስል። ጠዋት ጨሞጋ ወርዶ ታጥቦ ሲመለስ ቆዳው በፀሐይ ያበራል፤ ሰው ሥራውን ትቶ ያየዋል። እኔም አንድ ጊዜ ተቀምጬበታለሁ። ፈንታ ታሞ ተኝቶ ሳለ ቁይ ከሚባለው አገር ዘመድ ሞተበትና «ለቅሶው ላይ እኔ ባልገኝ ፈረሴ ይገኝ» ብሎ ላከኝ። ሜዳው ላይ ስደርስ ልጓሙን ላላ አደረግሁለት። ንፋሱ ጋቢዬን ከኋላዬ ሲያርገበግበው፣ ምድሩ ከሥሬ ሲሸሽ፣ ለለቅሶ የምሄደው ሰውዬ ብቻዬን ሳቅሁ። ሰው በሬውን ሰጥቶ ፈረስ የሚይዘው ለምን እንደሆነ ያን ቀን ገባኝ። ከኮርቻው ስወርድ ግን መልሶ ጠፋኝ።

ደስታው ለፈንታ ነው፤ ጣጣው ለእህቴ። ገብሱን ፈረሱ ይበላል፣ እሷ ጓያ ትበላለች። በክረምት ሣሩን ከማሳ ዳር አጭዳ የምታመጣ እሷ፣ ፋንድያውን የምትዝቅ እሷ፣ ኮርቻው እንዳይሻግት ከምድጃው በላይ ሰቅላ የምታደርቅ እሷ። አንድ ጊዜ ቀስቅስን ሆዱን ነፋው። ፈንታ ፈረሱን በግቢው ዙሪያ እየሳበ እንደ ልጅ ሲነፋረቅ ዋለ። በዚያው ሰሞን እህቴ በንዳድ ስትንቀጠቀጥ «ትንሽ ትተኛና ይለቃታል» ብሎኝ ነበር። እንግዲህ የፈረስ ወዳጅነቱ ይህ ነው።

ጣሊያን ደብረ ማርቆስ በገባ በሁለተኛው ዓመት፣ በመጀመሪያ ጠመንጃ፣ ቀጥሎ ፈረስና በቅሎ መሰብሰብ ጀመረ። ለእኛ ወገን የተላከው ሰብሳቢ አበረ የሚባል ባንዳ ነው። አበረን ሁላችንም እናውቀዋለን። ቀድሞ የአንድ ባላባት ፈረስ ጠባቂ ነበር፤ ሣር ሲያጭድ፣ እርካብ ሲይዝ የኖረ። አሁን ባሻ ተብሏል፤ ጠመንጃ የያዙ ሰዎች ይከተሉታል፤ ሲሄድ እንኳ ሆዱ ቀድሞት ነው የሚሄደው።

አበረ መምጣቱ በተሰማ ጊዜ ሌላው ሰው ፈረሱን ወደ በረሃ አሸሸ። ፈንታ ግን «ቀስቅስ በረሃ ወርዶ ዝንብ ሊበላው ነው?» ብሎ እንቢ አለ። የደምበጫ ፈረስ ነጋዴዎች የሚሠሩትን ተንኮል ያውቅ ነበር። ሊገዙት ከፈለጉት ፈረስ ጭራ በስውር ፀጉር ነጭተው በቀጭኑ ይገምዱና ከኮቴው በላይ፣ ፀጉሩ ከሚሸፍነው ቦታ፣ አጥብቀው ያስሩታል። ፈረሱ ወዲያው ያነክሳል። ምክንያቱን የሚያውቅ የለም፤ ገዢው ዋጋ ያስቀንስበታል፣ ይወስደዋል፣ ቤቱ ሲደርስ ይፈታለታል። ገመዱ ውሎ ካደረ ግን ሥጋውን ይበላዋል። ፈንታ አበረ ከመድረሱ በፊት የቀስቅስን የፊት ቀኝ እግር እንዲሁ አሰረው። ያየችው እህቴ ብቻ ናት።

አበረ ግቢው ገብቶ ፈረሱ እያነከሰ ሲመጣለት ተመለከተው። ጎንበስ ብሎ መዳፉን ከጉልበቱ ጀምሮ ወደ ታች አወረደ፤ ከኮቴው በላይ ሲደርስ ጣቱ አንድ ቦታ ላይ ቆየ። ከዚያ ቀና አለና እጁን በፈረሱ ጋማ ጠርጎ ፈንታን እያየ ፈገግ አለ። ዕድሜውን በፈረስ እግር ሥር የጨረሰ ሰው እንዲህ ያለውን ነገር አይስተውም።

«ክፉኛ ታሟል፣ አባ ቀስቅስ» አለ። «እንዲህ ያለውን ፈረስ ጥዬ ብሄድ አለቆቼ ይቆጡኛል። እስኪሻለው እዚሁ እጠብቃለሁ።»

«እርስዎን የመሰለ ሰው በእኔ ጎጆ ይቸገራል፣ ባሻ» አለ ፈንታ። ያንን ሣር አጫጅ «እርስዎ» ሲለው ጆሮዬን አሳከከኝ።

«ግድ የለም። ጎጆህን እወደዋለሁ።»

በእኛ አገር ፈረስ ከሰው ጋር ከቤት ነው የሚያድር። አበረ መደቡን ያዘ፤ ሰዎቹ ከጋጣው አፍ ላይ ተጋደሙ። ወደ ፈረሱ የሚጠጋ ሁሉ በእነሱ መካከል ነው የሚያልፈው። እንግዳን መቼ ትሄዳለህ ብሎ መጠየቅ ነውር ነው፤ አበረም ይህን ጠንቅቆ ያውቃል። በግ ይታረዳል፣ ይበላል። ጠላ ይጠመቃል፣ ይጠጣል። ረቡዕም ዓርብም ሥጋ አስቀቀለ፤ እህቴ አፍንጫዋን በነጠላዋ ሸፍና፣ እያማተበች የጾም ቀን ወጥ ታማስላለች። እሱ ቅባቱ በአገጩ እየወረደ ይስቃል። ከበላ በኋላ እጁን የሚጠርገው ሁልጊዜ በቀስቅስ ጋማ ነው፤ ጋማው ተጣብቆ እንደ ቆሻሻ ጨርቅ ሆነ።

እህቴ የገመዱን ነገር የነገረችኝ ውኃ ልትቀዳ ስትወርድ ነው። ወዲያው ሄጄ ፈንታን ከበረቱ ጀርባ አገኘሁት።

«አያ፣ ፍታለት» አልሁት።

«ከፈታሁለት ይድናል። ከዳነ ይወስደዋል።»

«ካልፈታህለትስ?»

«አበረ ይሰለቸዋል። በልቶ በልቶ ሲሰለቸው ይሄዳል፤ ያን ጊዜ እፈታለታለሁ።»

«እግሩ ሸትቷል እኮ።»

«አንተ ስለ ፈረስ ምን ታውቃለህ?» ብሎኝ ሄደ።

ከዚያ አበረ ጋ ሄድሁ። ደጅ ፀሐይ እየሞቀ ጥርሱን በስንጥር ይጎረጉር ነበር። ያውቅ እንደሆነ በሰበብ ልጠይቀው ስል ቀደመኝ።

«ገመዱን ያየሁት የመጣሁ ዕለት ነው» አለ። «ቁረጡት ብል በአንድ ቃል ይቆረጣል። ግን በገዛ እጁ እንዲፈታው ነው የምፈልግ። አንድ የጥምቀት ዕለት ይኸው ፈንታ እንደ ትልቅ መኮንን ተኮፍሶ መጣና እርካብ ያዝልኝ አለኝ። ያዝሁለት። ሲወርድ የእግሩን ጭቃ በጋቢዬ ጠረገ። ጋቢው አዲስ ነበር፤ እናቴ ናት የፈተለችልኝ።»

ለፈንታ ይህን ብነግረው አላስታወሰውም። «የስንቱን ጋቢ ላስታውስ?» አለኝ። እንግዲህ አንደኛው በጋቢ የተቀየመ፣ ሁለተኛው መቀየሙን እንኳ የማያውቅ፤ በመካከላቸው አንድ ፈረስ በቁሙ ይበሰብሳል። ሁለቱም ደግሞ ፈረስ እንወዳለን ባዮች ናቸው። ከጣሊያኑ ይልቅ እነሱ አስጠሉኝ፤ ጣሊያኑስ ፈረሱን አያውቀውም።

ቤቱ መግባት አስቸጋሪ እየሆነ ሄደ። ሽታው ከደጅ ይቀበላል። የቀስቅስ እግር ከገመዱ በላይ አብጦ፣ ከገመዱ በታች ቀዝቅዞ፣ በመካከል መግል ያንጠባጥባል። ዝንቡ ከቁስሉ ተነሥቶ ወጡ ላይ ያርፋል፣ ከወጡ ተነሥቶ ቁስሉ ላይ ያርፋል። ፈረሱ እግሩን አንጠልጥሎ በሦስቱ ቆሞ ይውላል፤ ገብስ ሲያቀርቡለት ያሸተዋል እንጂ አይነካውም። ሰው ሲገባ ጆሮውን ቀጥ አድርጎ ፈንታን ይፈልጋል። ፈንታ ወደዚያ እንዳያይ ፊቱን ያዞራል።

ለምን አልቆረጥህም የሚለኝ ይኖራል። ጠመንጃ ታቅፈው ከተኙ ሰዎች ላይ ተራምዶ መሄድ የሚችል ካለ ይምጣና ይጠይቀኝ።

አንድ ቀን ረፋድ ላይ ገባሁ። አበረና ፈንታ ከአንድ መሶብ ቀርበዋል። ደግሞ እየተጎራረሱ ነው። አበረ ትልቅ ጉርሻ ጠቅልሎ «ብላ አባ ቀስቅስ፣ ብላ» ይለዋል፤ ፈንታ አፉን ከፍቶ ይቀበልና ይስቃል፤ ተራውን ደግሞ ያጎርሰዋል። ከጀርባቸው ፈረሱ ያቃስታል። ፈረስ ሲያቃስት የሰማ ሰው ያውቀዋል፤ የሽማግሌ ማቃሰት ነው።

እህቴ ጓዳ ሥጋ እየከተፈች ነበር። ቢላዋውን እንደ ያዘች ወጣች። እጇ እስከ ክንዷ ደም ነው። ከጋጣው አፍ የተቀመጡት ሰዎች ሥጋ ልታመጣላቸው መስሏቸው እግራቸውን ሰበሰቡላት። በመካከላቸው አልፋ ከፈረሱ እግር ሥር ተንበረከከች። ገመዱ አይታይም፤ ሥጋው ውጦታል። በጣቷ መግሉን ከፍላ ፈለገችው፤ ቀስቅስ ተንቀጠቀጠ እንጂ አልረገጣትም። ቢላዋውን አስገብታ ቆረጠችው፣ ሳብ አድርጋ አወጣችው።

ከዚያ ተነሥታ መጣችና ያንን የሚንጠባጠብ ፀጉር በሁለቱ መካከል፣ ከእንጀራው ላይ አስቀመጠችው።

«ይኸን ደግሞ ብሉ» አለች።

አበረ እጁን አንሥቶ ቀረ። ከዚያ ሳቀ፤ ግን እንደ ቀድሞው አይደለም። ውኃ አስመጥቶ ታጠበ። ወደ ፈረሱ ሄዶ ተቀመጠ፤ ጨው በጥብጦ ቁስሉን አጠበለት፣ ለጋ ቅቤ ቀብቶ በገዛ ጥምጥሙ ጠቀለለለት። እጁ ሥራውን ያውቃል፣ የሚያበሳጨውም እሱ ነው፤ ይህን ሁሉ እያወቀ ነው በልቶ ሲስቅ የሰነበተው። ቀስቅስን በዝግታ፣ እያሳረፉ፣ ወደ ደብረ ማርቆስ ወሰዱት። ፈንታ ከመሶቡ አልተነሣም። ግቢው ባዶ ሲሆን እህቴን «እጅሽን አስገቢ ያለሽ ማን ነው?» አላትና በጥፊ መታት። ዘልዬ ያዝሁት። እሷ ግን ደም የነካውን እጇን እየታጠበች ነበር፤ ቀና ብላም አላየችው።

ክረምቱ አለፈ። በጥቅምት ጨው ልገዛ ደብረ ማርቆስ ወጣሁ። ገበያው ዳር ሕዝቡ ሲሸሽ ዞር ብል አበረ በቀስቅስ ላይ ተቀምጦ ይመጣል። ፈረሱ ወፍሯል፤ ቆዳው ያበራል፤ በሶምሶማ አልፎኝ ከሜዳው ጫፍ ሲደርስ ጋለበ። እግሩን አጥብቄ ተመለከትሁ። ጠባሳው ላይ ነጭ ፀጉር በቅሎበታል እንጂ አያነክስም። የባንዳ ፈረስ ሆኖ እንኳ ደስ አለኝ፤ መንገዱን ሁሉ እያሰብሁት መጣሁ። እንደ ደረስሁ በቀጥታ እህቴ ቤት ገባሁ። ፈንታ ምድጃ ዳር ተቀምጦ ነበር፤ እሷ ጓያ ትቆላለች።

«አያ፣ ቀስቅስን አየሁት። ድኗል» አልሁ።

ቀና አለ። «በዓይንህ?»

«በዓይኔ። ሲጋልብ።»

«ትንሽም አያነክስም? ሲዞር? ዳገት ሲወጣ?»

«ምንም አያነክስም።»

ደስታ ይመጣል ብዬ ፊቱን ስጠብቅ ከንፈሩን ነክሶ ወደ እህቴ ዞረ።

«አየሽ?» አላት። «አንዲት ቀን ብትታገሺ ኖሮ ፈረሱ ለማንም አይሆንም ነበር።»

እህቴ ምጣዱን ከእሳቱ አወረደች። ጓያው እንዳያርር ወደ ሰፌዱ ገለበጠችው፤ ነጠላዋን አነሣችና ደጅ ወጣች። እኔ ተከትያት ስወጣ የአጥሩን በር ከፍታ ወደ እኔ ቤት እየገባች ነበር። ቀሪ ዕድሜዋን ከእኔ ጋር ኖረች።