ወደ ምድር ቤት የወረዱት ጠረጴዛዎች

የምንሠራበት ቤት አርባ ምንጭ፣ ሴቻ የሚባለው ሰፈር ውስጥ፣ ከአስፋልቱ ትንሽ ገባ ብሎ የቆመ የድንጋይ ሕንፃ ነው። ድሮ ፍርድ ቤት ነበር። በቅርስነት ከተመዘገበ በኋላ ላይኛው ፎቅ ባዶውን ስለቆየ፣ ሰባት የኮምፒውተር ኢንጂነሮች በማኅበር ሆነን አመለከትንና ተፈቀደልን። ሁላችንም ለየራሳችን ደንበኛ ነው የምንሠራው፤ ኢንተርኔቱና መብራት ሲጠፋ የምንጠቀምበት ባትሪ ግን የጋራ ነው። ግድግዳው ላይ ሚስማር መምታት እንኳ ክልክል ነው።

ፎቁ ላይ ከሰዓት በኋላ ከከተማው በታች ካለው ሐይቅ በኩል ነፋስ ይገባል። ነፋሱ በደንብ የሚገኝበትን የመስኮት ቦታ የያዘው ከጨንቻ የመጣ ልጅ ነበር። ብርድ አገር አድጎ የአርባ ምንጭ ሙቀት አልሆነለትም። አንድ ቀን፣ "ለምን ተራ በተራ አንቀመጥም?" አልኩት። "እኔ ከዚህ ከተነሳሁ ሥራ አልሠራም" አለኝ፣ ቀና ብሎም ሳያየኝ። ተቀየምኩት። ከዚያ ወዲህ ከሰላምታ ያለፈ ነገር አልነበረንም።

ከወራት በኋላ ከታችኛው ሰፈር ከሲቀላ ስመለስ የተሳፈርኩባት ባጃጅ ተገለበጠች። ቀኝ እግሬ ከጉልበቴ በታች ተሰበረ። እናቴ ቤት ተኝቼ ለመሥራት ሞከርኩ። መብራቱ ይሄዳል፣ ኔትወርኩ ይቆራረጣል፤ ለመድኃኒት ቤቶች የጀመርኩት ፕሮግራም ባለበት ቆመ። ደንበኛዬ መጀመሪያ አይዞሽ ይለኝ ነበር፣ በኋላ መደወል ተወ። ሐኪሙ ደግሞ ደረጃ ገና ለወራት እንደማልወጣ ነገረኝ። የኛ ደረጃ ቀጥ ያለ የእንጨት ደረጃ ነው፣ በደህና እግርም ያስፈራል። ስለዚህ ከማኅበሩ ልወጣ ወሰንኩ። ለማንም ሳልነግር፣ ከእህቴ ጋር በክራንች ዕቃዬን ልወስድ ሄድኩ።

በሩ ላይ የሕንፃውን ጠባቂ አገኘናቸው። ጋሼ ነው የምንላቸው፤ ፍርድ ቤቱ እዚህ በነበረበት ዘመን የመዝገብ ቤት ሠራተኛ ነበሩ። ደረጃ የሌለበት ምድር ቤቱ በአሮጌ መዝገቦች የተሞላ ነበር፣ ቁልፉም ከእጃቸው አይወጣም ነበር። አንድ ጊዜ ወንበር እናስቀምጥበት ብለን ጠይቀናቸው አይሆንም ብለውን ነበር።

"ጋሼ፣ እባክዎ ስክሪኔን የሚያወርድልኝ ሰው ይጥሩልኝ" አልኳቸው።

"ወርዷል እኮ" አሉኝ።

አልገባኝም። እሳቸው ግን የምድር ቤቱን በር ገፋ አድርገው እንድገባ ጠቆሙኝ። የመዝገቦቹ መደርደሪያዎች የሉም። ሰባቱም ጠረጴዛዎች እዚያ ነበሩ። ለበሩ ቅርብ በሆነው ላይ የኔ ስክሪን ተቀምጧል፤ ከሥሩ እግሬን የማሳርፍበት የእንጨት ሣጥን፣ ትራስ ተደርጎበታል። ጓደኞቼ ዞር ብለው አዩኝና እንኳን መጣሽ አሉኝ። እኔ ተቀምጬ እግሬን ሣጥኑ ላይ አሳረፍኩ። እህቴ ናት ያመሰገነችልኝ። ዕቃዬን ልወስድ መምጣቴን በዚያን ቀን አልነገርኳቸውም።

ከሰዓት በኋላ ጋሼ አጠገቤ ወንበር ስበው ተቀመጡ።

"ሐሳቡን ያ የጨንቻው ልጅ ነው ያመጣው" አሉኝ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው። "ደረጃ እንደማትወጪ ሰምቶ ሦስት ቀን ተመላለሰብኝ። ደጋግሜ እምቢ ስለው፣ 'መዝገቡን እኛው ተሸክመን ፎቅ እናወጣዋለን፣ አንድም ወረቀት ቦታውን አይስትም' አለኝ። እኔም ለአለቆቼ ነግሬ አስፈቀድኩለት። ስናነሳው የታችኛውን መደርደሪያ ምስጥ ጀምሮት አገኘን። ትንሽ ቢቆይ ኖሮ የሰው ሁሉ የርስት ክርክር አፈር ሆኖ ነበር። እና ልጄ፣ እኔም ያንቺን እግር አመሰግናለሁ።" ሳቁ። እኔም አብሬ ሳቅሁ።

ልጁ ጥግ ላይ፣ መስኮት በሌለበት፣ እርጥብ ፎጣ አንገቱ ላይ ጥሎ ይሠራ ነበር። በክራንቼ ተደግፌ ሄድኩ።

"እዚህ እኮ ነፋስ የለም" አልኩት።

"እለምደዋለሁ።"

"በዚያ መስኮት የተነሳ ተቀይሜህ ነበር።"

"አውቃለሁ። ልክ ነበርሽ።" ከዚያ ወደ ስክሪኑ ተመለሰ።

ፕሮግራሙን ጨርሼ አስረከብኩ፤ ደንበኛዬም አልተለየኝም። እግሬ ሲድን አሁን ወደ ላይ እንመለስ ብዬ ጠየቅኩ። መዝገቦቹ ከምስጥ ርቀው ደርቀዋልና ማንም ሊያነካካቸው አልፈለገም። እዚያው ቀረን። ለልጁ ማራገቢያ አዋጥተን ገዛንለት፤ ማራገቢያው ወረቀት እየበተነ ሁላችንንም ያስቸግረናል፣ ግን አጥፋው ያለው ሰው የለም።

እንደሚገባው አመስግኜው አላውቅም። በጀመርኩ ቁጥር ስለ ሥራ ይጠይቀኛል። እኔም እመልስለታለሁ፤ እሱም የሚወደው ይህንን ይመስለኛል።