«እንደ ወትሮው ዝሪው» ያልኩበት ዓመት

በዚያ ክረምት ሚዛን ከተማ ውስጥ ዝናብ የጠላሁት እኔ ብቻ ሳልሆን አልቀርም። የቢሮዬ ጣሪያ ቆርቆሮ ነው፤ ጠብ ባለ ቁጥር ይሰማኛል። ባልደረቦቼ «ዘንድሮ ቡናው ይይዛል» እያሉ ሲደሰቱ፣ እኔ በሆዴ «በቃህ፣ ኧረ በቃህ» እላለሁ። ከሚዛን በታች፣ ቆላው ውስጥ፣ የእናቴ ማሽላ ቆሟል። ዘሩን የሰጠኋት እኔ ነኝ።

ነገሩ የጀመረው ከዚያ በፊት በነበረው ዓመት ዝናቡ ቀድሞ ሲያቆም ነው። የእናቴ የድሮ ማሽላ ከሰው ቁመት በላይ የሚረዝም፣ ዛላው ሳሳ ብሎ የተንዠረገገ፣ ሚያዝያ ተዘርቶ ታኅሣሥ የሚታጨድ ነው። ፍሬው ሳይሞላ ደረቀ፤ እናቴም ዓመቱን በጎደሬ ገፋችው። የግብርና ባለሙያ ነኝ ባይዋ እኔ ታዲያ አጭሩን፣ በሦስት ወር ተኩል የሚደርሰውን፣ ዛላው እንደ ጡጫ የታጨቀውን ዘር አመጣሁላት። ከረጢቱ ላይ «ዝናብ አጠር ለሆነ አካባቢ» ይላል። አንብቤዋለሁ። አምና ዝናብ አጥሮን የለ እንዴ ብዬ ራሴን አሳመንኩ።

እናቴ ዘሩን መዳፏ ላይ ዘርግታ ብዙ አየችው።

«እንዲህ ቶሎ የሚደርስ ከሆነ ምን አስቸኮለን? ሐምሌ ሲያልቅ ብዘራውስ? ኅዳር ላይ ፀሐይ ያገኘዋል» አለችኝ።

ሚኒባሱ ጥሎኝ ሊሄድ ነበር። «እማ፣ አንቺ ደግሞ! እንደ ወትሮው ሚያዝያ ላይ ዝሪው» አልኳት። ግማሹን መሬት ለድሮው ዘር ልተወው ብትልም አልሰማኋትም። ያን ቀን የተናገረው ዲግሪዬ ነው።

ሰኔ መጨረሻ ላይ በጣቴ ቆጥሬ ደነገጥኩ። ማሽላው የሚደርሰው ዝናቡ በሚብስበት ሰሞን ነው! በየቀኑ መደወል ጀመርኩ።

«ዛላው ጠቆረ ወይ?»

«ደህና ነው።»

«ወፉስ?»

«ደህና ነው አልኩሽ እኮ።»

የእናቴ «ደህና ነው» ያስፈራኛል። አባቴ ሊሞት የተቃረበ ጊዜም ያለችኝ ይህንኑ ነው። እንቅልፍም እህልም እምቢ አለኝ።

ነሐሴ በገባ ቅዳሜ ወረድኩ። የታጨቀው ዛላ ውሃውን ይዞ አልለቅ ብሎ ውስጥ ለውስጥ ሻግቷል፤ አንዳንዱ ፍሬ እዚያው አገዳው ላይ እንዳለ ጎንቁሏል። የጎረቤቶቻችን ማሽላ ገና ቅጠል ብቻ ስለሆነ የአገሩ ወፍ በሙሉ የእኛው ላይ ሰፍሯል። ተለቅሞ የሚተርፈው እናቴን እስከ ገና እንኳ አያደርሳትም። አፈርኩ፤ መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ በወደድኩ።

በራፉ ላይ ተቀምጠን ደህናውን ከሻገተው ስንለይ ድንበርተኛችን መጣ፤ እናቴ በእኩያነት የምታከብረው ገበሬ ነው።

«ልጄ፣ ከዚህ ዘር ለእኔም አምጪልኝ። እናትሽ ነግራናለች። አንቺ ሐምሌን ጠብቂ ብለሻት እሷ ቸኩላ ዘራችው» አለኝ።

እናቴን አየኋት። ቀና አላለችም፤ እጇ ብቻ ፈጠነ። በእኛ መንደር ዘር ሲከሽፍ የሚወቀሰው የዘራው ሳይሆን ዘሩን የሰጠው ሰው ነው፤ ዳግመኛም ከእጁ ዘር የሚቀበል አይኖርም። ያን ሁሉ ዘመን ስታርስ የኖረች ሴት፣ እኔን ለማትረፍ ብላ መዝሪያ ጊዜ የማታውቅ ሆና መንደሩ ፊት ቀርባለች። እውነቱን ለመናገር፣ ለጥቂት ዝም ልል ነበር።

«ሐምሌ ይለፍ ያለችው እሷ ናት። ሚያዝያ ላይ ዝሪው ያልኳት እኔ ነኝ» አልኩ።

«አንቺ ልጅ፣ ማን ተናገሪ አለሽ?» ብላ ተቆጣችኝ። እንባዬ መጣ።

ሰውየው ለእኔ ጀርባውን ሰጥቶ እናቴ ፊት ቁጢጥ አለና፣ «እንግዲያ አንቺው ንገሪኝ፤ የትኛውን መሬት ለዚህ፣ የትኛውን ለድሮው ላድርግ?» ብሎ ጠየቃት።

እናቴ እጇን ከማሽላው አነሳች። እኔም እንደ እሱ መልሷን ጠበቅኩ።